የውድድር መኪናችን ቸርኬ፦ ለጉባኤ የሚቀርበውን ሐሳብ እዚህ እናብስለው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ እንደተባባልነው የዲኤክሷን፣ የውድድር ኮሮላችንን፣ ቸርኬ ጉዳይ እዚህ ጨርሰን ለጉባኤ አንድ ገጽ እናቀርባለን። ያለንበት ሁኔታ ይኸው ነው። መኪናዋ አሁንም ፋብሪካ በሰጣት ባለ 13 ኢንች ብረት ቸርኬ ላይ ናት፣ ጎማው 175/70 (ስፋቱ 175 ሚሊ፣ የትከሻው ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ)። ከአራቱ ሁለቱ ተጣመዋል። አንዱማ ባለፈው አዘዞ በኩል ስንለማመድ ድንጋይ ከመታው ወዲህ ነፋስ አይዝም፣ ጠዋት ተነፍቶ ማታ ተኝቶ ነው የምናገኘው። እኔ ያሰብኩት ባለ 15 አሉሚኒየም አራት ፍሬ ነው። ጥቁሩን ፎቶ አይታችሁታል። ሐሳብ ስጡ፣ ስድብ ይቅር።

ሾፌሩ፦
ባለ 15ቱን ደግፌያለሁ። እዚህ ጎንደር የምንነዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራተር ያላት ይቺ ሞተር ቆላ ላይ ከሚኖራት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ አታገኘውም። ጉልበት ካልጨመርን ክብደት እንቀንስ። ደግሞ ቸርኬ ላይ ያለ ኪሎ ወንበር ላይ ካለው የባሰ ነው፣ ምክንያቱም መኪናዋ ልትሸከመው ብቻ ሳይሆን ልታሽከረክረውም ነው፣ ፍሬን ስይዝ ያንኑ የሚሽከረከር ነገር ማቆም አለብኝ፣ ጉድጓድ ስገባም አሞርዛተሩ የሚታገለው ከሱ ጋር ነው። አሉሚኒየም ይገዛ።

መካኒኩ፦
የክብደቱ ነገር ልክ ነህ ወንድሜ። ግን አሉሚኒየም ሁሉ ቀላል ነው ያለህ ማነው? ትናንት ያን ጥቁር ቸርኬ ከባለ ሱቁ ተውሼ እህል ሚዛን ላይ አወጣሁት። 8 ኪሎ ከምናምን። የኛው አሮጌ ብረት 6 ኪሎ አልሞላም። በእርግጥ 15 እና 13 እኩል አይወዳደሩም፣ ቢሆንም የተጠበቀው ቅለት የለም። በርካሽ የሚፈስ አሉሚኒየም እንዳይሰበር ወፈር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቀላልም ጠንካራም የሆነው የደህና ፋብሪካ ሥራ ነው፣ የሱን ዋጋ ገንዘብ ያዣችን ትንገርህ።

ገንዘብ ያዥ፦
እነግረዋለሁ። ካዝናው ውስጥ ያለው ለአራቱ ጥቁሮች ይበቃል። ጎማ ሳይገዛ! ባለ 13 ጎማ ባለ 15 ቸርኬ ላይ አይገባም አይደል? ታዲያ ቸርኬውን ግድግዳ ላይ ልትሰቅሉት ነው? ወጪ ስትጽፉ ጎማውን፣ ማስገጠሚያውን፣ ባላንሱን፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም የጭነቱን አብራችሁ ጻፉ። በአሞርዛተሩ ጊዜ ያስወጣችሁኝን አልረሳሁም።

አዲሱ አባል፦
አንድ ነገር ላንሳ፣ ሳቁብኝ ግድ የለም። አጎቴ ግቢ የቆመች ላዳ አለች። ቸርኬዎቿ ደህና ናቸው፣ በነፃ ውሰዱ ብሎናል። የሷም አራት ቡሎን ነው የኛም አራት። አንዱን ዲኤክሷ ላይ ሞከርኩት፣ ገባ።

መካኒኩ፦
በስመ አብ! እንዳትነዷት። ማታ ሄጄ አብረን አየነው። የላዳ ቡሎኖች የተደረደሩበት ክብ 98 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኮሮላችን 100። በእያንዳንዱ ቡሎን ሲታይ 1 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ነው «ገባ» ያስባለው። የመሃል ቀዳዳውም ከኛ ሞዞ (ቸርኬው ከሚታሰርበት) ይሰፋል፣ የኛ 54.1 ነው፣ የላዳ 58 ያልፋል፣ ስለዚህ ያለ ምንም ትግል ይወጣበታል። ሦስቱ ዳዶ በእጅ ገቡ። አራተኛውን በቁልፍ ጎትቼ አስገባሁት፣ ከዚያ በባትሪ ሳይ ሾጣጣው አፉ ቸርኬውን የነካው በአንድ ወገን ብቻ ነው። በሌላው ወገን ምላጭ ያስገባል። እንዲህ የታሰረ ዳዶ በሁለት ዙር ይላላል፣ ካልላላም ቡሎኑን ይበጥሰዋል። ልጁ ግን አይወቀስ፣ ጠይቆ ነው።

ጋሼ ጎሚስታ፦
ልጆቼ፣ እኔ መጻፉ ላይ የለሁበትም፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። የምትነዱት አስፋልት ላይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግማሹ ኮረኮንች ነው። ብረት ሲመታ ይጣመማል፣ አሉሚኒየም ሲመታ ይሰነጠቃል። የተጣመመውን አምጡልኝ፣ በመዶሻ አቃናዋለሁ። የተሰነጠቀውን ግን የበየደው ሰው ይነዳበት እንደሆነ እንጂ እኔ ለውድድር ጎማ አልነፋበትም። አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጎማውን አስወልቃችሁ ባዶውን ቸርኬ በገመድ አንጠልጥሉና በቁልፍ መታ አድርጉት። ደህናው ይጮኻል፣ ድምፁ ይቆያል። የተሰነጠቀው እንደ ነቃ ገንቦ ዷ ብሎ ዝም ነው። ከዚያም በኋላ ብታምኑም ባታምኑም ጎማ ገጥማችሁ ሳሙና ቀቡት፣ አረፋ የሚያወጣበትን ታያላችሁ።

ሾፌሩ፦
ጋሼ፣ አንቱ ካሉ እሺ። ግን በባለ 13ቱ ልቀጥል ነው? ኩርባ ላይ ጎማው ተኝቶ ነው የሚሄደው እኮ።

መካኒኩ፦
መሃል መንገድ አለ፣ ባለ 14። ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። አሁን ያለው 175/70 ባለ 13 ጎማ ከአፈር እስከ አናቱ 575 ሚሊ ነው። 185/60 ባለ 14 ስናደርገው 578 ገደማ ይመጣል። 195/50 ባለ 15 ደግሞ 576። ማርሹም ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በሦስቱም አይረበሽም። የሚለየው የጎማው ትከሻ ነው። በባለ 13 ከድንጋዩ እስከ ቸርኬው 122 ሚሊ ጎማ አለ፣ በባለ 14 111፣ በባለ 15 ግን 97 ብቻ። ጋሼ ያሉት ስንጥቅ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ባለ 14ቱ ለሾፌራችን ጠንከር ያለ ትከሻ ይሰጠዋል፣ ለጋሼም የሚቃና ብረት ይተርፋቸዋል።

የቸርኬው ስፋት 6 ኢንች ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ። ጥቁሩ 7 ነው፣ ኢቲውም 35። የኛ 5 ተኩል ባለ ኢቲ 40 ነው ብለን ብናሰላ ጥቁሩ 24 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል፣ 14 ሚሊ ወደ ውስጥ ይገባል። መሪ ሲዞር ፓራፋንጎውን ይፍቀዋል፣ ኩሽኔታውም ያለ ዕድሜው ይጮኻል። 6 ባለ ኢቲ 38 ከሆነ ወደ ውጭ የሚጨምረው 8 ሚሊ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ኢቲ ምንድነው? ጉባኤው ላይ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?

መካኒኩ፦
ቸርኬውን እንደ ዳቦ ከመሃል ለሁለት ክፈይው። ሞዞው ላይ የሚለጠፈው ፊት ከዚያ መሃል ምን ያህል ወደ ውጭ ፈቀቅ ብሏል ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ቸርኬው ጀርባ ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ገንዘብ ያዥ፦
በዳቦው ገባኝ። እንግዲህ እኔም ልጨምር፣ አራት ሳይሆን ስድስት ይገዛ። በውድድር ቀን አንድ ቢጣመም በየት በኩል ሌላ ይመጣል? የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ እኮ ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ጸሐፊ፦
እሺ ተሸነፍኩ፣ ጥቁሩ ይቅር። እንዲህ ብዬ ልጻፈው፦ ማኅበሩ ስድስት ባለ 14 ብረት ቸርኬ ይገዛል፣ ስፋቱ 6፣ አራት ቡሎን በ100፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1፣ ከ185/60 ጎማ ጋር። መጀመሪያ ጎንደር ውስጥ ይፈለጋል። ካልተገኘ ሁለት ሰው ሶማሌ ተራ ይሄዳል፣ ቢያንስ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይመጣል። የጎደለ አለ?

መካኒኩ፦
ሦስት ነገር። የሚሄዱት ከመጋዘናችን ያን አሮጌ ሞዞ ከነቡሎኑ ይዘው ይሂዱ፣ ከከባድነቱ በቀር ምንም አይልም። እያንዳንዱ ቸርኬ እሱ ላይ ተሰክቶ ይሽከርከር፣ ከተንቀጠቀጠ አይገዛም። የመሃል ቀዳዳው ከሰፋ ቶርኖ ቤት ቀለበት እናስወጣለታለን፣ የቡሎን ክቡ ከተለየ ግን በነፃም ቢሆን ይመለስ፣ የላዳውን አይተናል። ዳዶውም ይታይ፣ የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ሮንዴላ ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ነው የሚፈልገው፣ ብረቱ ሾጣጣ። አደባልቀው ከሸጡልን የዚያኑ ላዳ ታሪክ ነው።

አዲሱ አባል፦
ሞዞውን እኔ እሸከማለሁ። ዕዳዬን ልክፈል።

ጋሼ ጎሚስታ፦
ጎማውን ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2318 ካለ በ2018 የፈረንጅ ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ የከረመ ጎማ አዲስ ቢመስልም ደርቋል፣ በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ እዩት። ገጥማችሁ 50 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ደግሞ ተመለሱና ዳዶውን እንደገና እናጥብቀው። በነፃ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
«በነፃ» የምትለዋ ቃለ ጉባኤ ላይ ትግባልኝ። ሶማሌ ተራ የምትሄዱ ደግሞ ደረሰኝ። ያለ ደረሰኝ አንድ ሳንቲም አላወራርድም።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም አስገባሁ። እስከ ሐሙስ ማታ የሚያርም ያርም፣ አርብ አትሜ አመጣዋለሁ።

ሾፌሩ፦
አንድ ብቻ። ብረትም ቢሆን ጥቁር ይቀባ?

ገንዘብ ያዥ፦
ይቀባ። ቀለሙን አንተ ግዛ።