ከመደርደሪያው ምን ይነሣ፣ ምን ይግባ? ለልጆችና ለታዳጊዎች መጽሐፍ ስለመምረጥ የተደረገ ክርክር

ጥያቄውን ያነሡት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፦

በየዓመቱ ለልጆችና ለታዳጊዎች የሚመከሩ አዳዲስ መጻሕፍትን ዝርዝር አዘጋጃለሁ። ዘንድሮ ግን «አዲስ» የሚለው ቃል ራሱ ከነከነኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከእኛ መደርደሪያ ባገኘው መጽሐፍ ተማምኖ፣ ሳተርን 18 ጨረቃዎች አሏት ብሎ የቤት ሥራውን ሠራ። መልሱ ስሕተት ተባለ። መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ መጣና «መጽሐፉ ዋሸኝ» አለኝ። መጽሐፉ ሲታተም አልዋሸም ነበር፤ ያን ጊዜ የታወቁት 18 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን 128 ተጨማሪ ጨረቃዎች በአንድ ጊዜ ዕውቅና አግኝተው ቁጥሩ 274 ደርሷል። ልጁን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያንን መጽሐፍ ከዓመታት በፊት ማንሣት ነበረብኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩት አቋም ይህ ነው። የዕውቀት መጽሐፍ ያረጃል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ አዲስነት ይጠየቅ። ልብ ወለድ ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት ቢጻፍም ዛሬ ለሚከፍተው ልጅ አዲስ ነው፤ እዚያ ላይ የኅትመት ዓመቱ ቀርቶ የአንባቢው ፍላጎት ይቅደም። ከዚህም አልፌ፣ የልብ ወለዱን ዝርዝር ግማሽ ታዳጊዎቹ ራሳቸው ይምረጡት እላለሁ። የምትቃወሙ ሐሳባችሁን ስጡ።

የሁለት ልጆች አባት፦

ስለ ሳተርን ባሉት እስማማለሁ። ግማሹን ለልጆቹ መስጠት ግን ከኃላፊነት መሸሽ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ የአንድ ተከታታይ ታሪክ አሥራ አንድ ቅጽ አነበበ፤ ሌላ መጽሐፍ ባቀርብለት ሁለተኛውን ገጽ አያልፍም። ቤተ መጻሕፍቱም እርሱ የለመደውን ብቻ ካቀረበለት ማን ወደ ሌላው ይወስደዋል? አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ያሉት ልጅን ንቀው አይደለም፤ መምረጥ ልምድ ይፈልጋል ማለታቸው ነው። በሙያው የበሰሉ ዳኞች ያሉትም ለዚህ ነው። በአሜሪካ የኒውቤሪ ሜዳሊያ እ.ኤ.አ. ከ1922፣ በብሪታንያ የካርኔጊ ሜዳሊያ ከ1936 ጀምሮ ለምርጥ የልጆች መጻሕፍት ይሰጣሉ። ይህን ያህል ዘመን የተሠራበትን መንገድ ለምን እንተዋለን?

የልጆች መጻሕፍት አርታኢ፦

ወንድሜ፣ ዳኞችን አከብራለሁ፤ ታሪካቸውን ግን እስከ መጨረሻው እንየው። የ1922ቱ፣ ማለትም የመጀመሪያው ኒውቤሪ የተሰጠው የሰው ልጅን ታሪክ ለሚተርክ የዕውቀት መጽሐፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳሊያው በአብዛኛው ወደ ልብ ወለድ አዘነበለ። ለዕውቀት መጻሕፍት ለብቻው የሲበርት ሜዳሊያ የተጀመረው በ2001 ነው። በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ ደግሞ ኒውቤሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በ2020 ነው። ልጆች እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ሽፋናቸው እስኪቀደድ ሲቀባበሉ የኖሩት ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድመው ነው። ዳኞች ይህን ያህል ከዘገዩ፣ ልጆቹን አስቀድሞ መጠየቅ ምን ነውር አለው?

ታዳጊዎች ሲመርጡ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሁለት ሺህ ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የአገሩን ታዋቂ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሚሰጠው የጎንኩር አካዳሚ ለራሱ ሽልማት ያጫቸውን ልብ ወለዶች አንብበውና ተከራክረው የራሳቸውን አሸናፊ ይሰይማሉ። መጻሕፍቱ ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው። ብዙ ጊዜ ተማሪዎቹ ከአካዳሚው የተለየ መጽሐፍ ይመርጣሉ፤ ሽልማታቸውም በአንባቢ ዘንድ የተከበረ ሆኗል። የጀርመን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማትም ከ2003 ጀምሮ የታዳጊዎች ዳኝነት አለው።

የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስልዎት። እኔም በልጅዎ ዕድሜ አንድ ተከታታይ ታሪክ ይዤ ሌላ አላይም ነበር። አራት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ሳልፈራ መክፈት የቻልኩት ግን በዚያ ምክንያት ነው። ገጸ ባሕርያቱንና አገራቸውን አስቀድሞ ማወቅ ለጀማሪ አንባቢ ትልቅ ድጋፍ ነው። ልጅዎ አሥራ አንድ ቅጽ ጨርሷል፤ አንድም መጽሐፍ ያልጨረሱ ስንት እኩዮቹ አሉ!

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አዋቂዎች በሚያወጡልን ዝርዝር ውስጥ ያሉት ልብ ወለዶች ብዙዎቹ ምክር ተሸክመው ይመጣሉ። ልጅቷ ትሳሳታለች፣ ትጎዳለች፣ አንድ ትልቅ ሰው ያስተምራታል፣ ያበቃል። ማን እንደሚመክራት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አውቄ እጨርሰዋለሁ። በዕውቀት መጻሕፍት በኩል ደግሞ ለእኛ ዕድሜ የሚሆን ማግኘት ይቸግራል፤ ወይ ትልልቅ ሥዕል የሞላባቸው የሕፃናት መጻሕፍት ናቸው፣ ወይ የመማሪያ መጻሕፍት። እንቅልፍ ለምን እንደሚሸሸን፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ስልካችን ስለ እኛ ምን እንደሚያውቅ እንደ ሰው ቆጥሮ የሚነግረን ጸሐፊ እንፈልጋለን። የክፍላችን ወንዶች ማንበብ አይወዱም ይባላል። ምን ማንበብ እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው ሰው ግን አላየሁም።

አንድ ልጨምር፤ ዕድሜ በሽፋን ላይ አይጻፍ። «ከ9 እስከ 11 ዓመት» የሚል የተጻፈበትን መጽሐፍ የአሥራ አራት ዓመት ጓደኛዬ በደብተር ሸፍኖ ሲያነብ አይቻለሁ። ማንበብ የለመደው ዘግይቶ ነው። ያ ቁጥር ባይኖር አይደብቀውም ነበር።

አርታኢው፦

በዚህስ ብቻሽን አይደለሽም፣ ልጄ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2008 አሳታሚዎች ዕድሜን በሽፋን ላይ ለማተም ሲነሡ፣ የታወቀውን የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ፊሊፕ ፑልማንን ጨምሮ ብዙ ደራስያን አጥብቀው ተቃውመዋል። አንዱ መከራከሪያቸው አሁን ያልሽው ነው።

የአንዲት ልጅ እናት፦

እኔ ግን አንድ ነገር ይጻፍ ባይ ነኝ። ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አያቷ በሞቱ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሚመከሩት አዳዲስ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ ያማረ አንዱን ይዛ ገባች። በመጽሐፉ አጋማሽ ላይ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ እናት ትሞታለች። ያን ሌሊት ልጄ መተንፈሴን ለማረጋገጥ አልጋዬ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። መጽሐፉ መጥፎ አልነበረም። በኋላ ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን አነበብነው፤ ስለ አያቷ በልቧ የያዘችውን ሁሉ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። ስለዚህ ይከልከል አልልም። አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ግን ያን ገጽ ብቻዋን አታነበውም ነበር።

የሳይንስ መምህር፦

ወደ ሳተርን ልመልሳችሁ። «የዕውቀት መጽሐፍ አዲስ ይሁን» የሚለው መስፈርት ብቻውን በቂ አይደለም። ያ ልጅ በ2023 የታተመ፣ የቀለም ሽታው ያልለቀቀው መጽሐፍ ቢያገኝ ኖሮም ዛሬ ቁጥሩ ይሳሳትበት ነበር። የሚያስፈልገው «እስከዚህ ዓመት ድረስ የታወቁት» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ነው። ዕውቀት እየታረመ እንደሚሄድ ከመጽሐፉ ከራሱ የተረዳ ልጅ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ ተዋሸሁ አይልም።

አዲስ የሳይንስ መጽሐፍ ሲደርሰኝ ከኋላው እጀምራለሁ። ዋቢ ጽሑፎች አሉት ወይ? የቃላት መፍቻ አለው ወይ? የሙያው ሰው እንዳየው ተገልጿል ወይ? ቀጥዬ በደንብ የማውቀውን ርእስ አወጣና አነባለሁ። የዳይኖሰር መጽሐፍ ከሆነ ሥዕሉን እመረምራለሁ። በቻይና የተገኘ ላባ መሳይ ሽፋን ያለው የዳይኖሰር ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1996 ከተገለጸ ወዲህ፣ ላባ የነበራቸው ብዙ ዝርያዎች ታውቀዋል፤ ቬሎሲራፕተር አንዱ ነው። ዛሬ ታትሞ ቬሎሲራፕተርን እንደ እንሽላሊት ላባ አልባ አድርጎ የሚስል መጽሐፍ፣ አዲስ ሽፋን የለበሰ አሮጌ መጽሐፍ ነው። በተቃራኒው አንድ ተመራማሪ ግኝቱ ላይ እንዴት እንደደረሰ፣ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ የሚተርክ መጽሐፍ አርባ ዓመት ቢሞላውም ከመደርደሪያ አላነሣውም።

አባት፦

ልጄ፣ ስለ ተከታታይ ታሪኩ ያልሽውን ልቤ ተቀብሎታል። ዛሬ ማታ ልጄን ስለ አሥራ አንዱ ቅጽ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ፤ እስካሁን አልጠየቅሁትም ነበር። ግማሽ ግን አሁንም ይበዛል፤ ሲሶው ይሁን። የሚመርጡት ልጆችም ለምን እንደመረጡ በጽሑፍ ያስረዱ።

ተማሪዋ፦

እንጽፋለን። እናንተም የመረጣችሁበትን ምክንያት ጻፉልን። «ሽልማት አግኝቷል» ማለት ምክንያት ሆኖ አይቆጠር።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፦

መምህር፣ አስተሳሰቤን አርመውልኛል። በዕውቀት መጻሕፍቱ ዝርዝር ላይ የኅትመት ዓመቱን እጽፋለሁ፤ ዋቢ የሌለውን አላስገባም። እኅቴ፣ ልጅዎ ያሳለፈችውን ሌሊት አልረሳውም። ከእያንዳንዱ ልብ ወለድ ሥር ሞት፣ ፍቺ ወይም ጥቃት ካለበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጻል፤ ዕድሜ ግን አይጻፍም። ጋሼ፣ በሲሶው አልስማማም፤ ግማሹ የልጆቹ ሆኖ ይቆያል። የሁለቱም ወገን ምክንያት ግን ጎን ለጎን ይታተማል፤ እርስዎም የሚመክሩትን አንድ መጽሐፍ ከነምክንያቱ ይላኩልኝ።

ስለ ሳተርን የሚናገረውን መጽሐፍ ላስወግደው ነበር። አሁን አስቀረዋለሁ። ልጁ አዲሱን ቁጥርና ዓመቱን በራሱ እጅ በወረቀት ጽፎ ከውስጥ ሽፋኑ ላይ እንዲለጥፍልኝ ነገ እጠይቀዋለሁ።