የውድድሩ ሚዛን ያለው ሁሉ የመጨረሻ መሆን አለበት?

ባለ ቀይዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአማተር ውድድር መኪናና ሹፌር አንድ ላይ ከ1000 ኪሎ ማነስ የለባቸውም ተባልን። ጠዋት በራሳቸው ሚዛን 1004 መጣሁ። ከውድድሩ በኋላ 997 አለና ውጤቴ ተሰረዘ። እባካችሁ ድገሙልኝ ብዬ ስለምን መኪናዋን ገፍተው አወረዷት፣ መልሰው ሲያወጧት 999 አለ። ቤንዚን አልተጨመረ፣ እኔም ከወንበሬ አልተነሳሁ። ሁለቱ ኪሎ ከየት መጣ? የተሰጠኝ መልስ "ሚዛኑ ያለው የመጨረሻ ነው፣ ደንቡ እንደዛ ይላል" ብቻ ነው። ይሄ ደንብ መቀየር አለበት ባይ ነኝ። እናንተስ?

የጋራዥ ሰው፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ግን መጀመሪያ ነዳጁን አስላ። ቤንዚን በሊትር ከ720 እስከ 775 ግራም ይመዝናል። 5 ሊትር ካቃጠልክ 4 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ጎማ ይበላል፣ የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ አንተም በዛ ሙቀት ስታልብ ትቀላለህ። በ1004 መነሳት ራሱ አደጋ ነው። ክብደት እንዲጨምር የእርሳስ ብረት እሰርና ተገላገል።

ባለ ቀይዋ፦ ስለ ጠዋቱና ስለ ማታው ልዩነት ልክ ነህ፣ እሱን አልከራከርም። የኔ ጥያቄ በ997 እና በ999 መካከል ያለው ነው። ያ ነዳጅ አይደለም።

ቁጥር 27፦ እኔ ደንቡ ይቆይ ከሚሉት ነኝ። ሚዛኑ ቢሳሳት እንኳ የሚሳሳተው ለሁላችንም ነው። 3 ኪሎ የሚያጎድል ከሆነ ከእኔም ከአንተም 3 ኪሎ ያጎድላል። ጠዋት ክፍት ነው፣ ሄደህ ትመዘናለህ፣ በዛ ቁጥር ትዘጋጃለህ። እውነተኛው ኪሎ ስንት ነው የሚለው ለውድድር ምን ያደርግልናል? ሁላችንም በአንድ መለኪያ መለካታችን ይበቃል።

ሚዛን አስተካካይ፦ እህቴ፣ ያልሽው ለአንዱ ዓይነት ስህተት ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም። ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ሚዛኑ ሁሌ በእኩል የሚያጎድል ከሆነ፣ አዎ፣ ሁሉም እኩል ይጎዳል። ለምሳሌ ሴንሰሩ የሚለካው መኪናዋ የምትጫነውን ኃይል ነው፣ የመሬት ስበት ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በምድር ወገብና በዋልታ መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፣ በ1000 ኪሎ 5 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅ አገር ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዛው በሚሠራበት ቦታ እንደገና ካልተስተካከለ ያዛባል። ግን ለሁሉም እኩል ያዛባል።

የባለ ቀይዋ ነገር ግን ሌላ ነው። ያው አንድ መኪና ሁለቴ ወጥቶ ሁለት ቁጥር ካመጣ ሚዛኑ ራሱን መድገም አልቻለም ማለት ነው። ያ ደግሞ ለማንም እኩል አይደለም። ዕጣ ነው።

የጋራዥ ሰው፦ መሬቱ ዘንበል ብሎ ይሆናላ። ውሃ ልክ አስቀምጠው አይተዋል?

ሚዛን አስተካካይ፦ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠረጥረው መሬቱን ነው። በየጎማው ሥር ያሉት የሚዛኑ ሰሌዳዎች 2 ዲግሪ ቢያዘነብሉ ከ1000 ኪሎ የሚጠፋው 600 ግራም ያህል ነው። በየጎማው ላይ ያለውን ድርሻ በጣም ይቀይራል፣ ድምሩን ግን ያን ያህል አይነካም። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ጎማው መሃል ላይ ሳይቀመጥ በሰሌዳው ጠርዝ አልፎ መወጣጫውን ሲነካ ከክብደቱ የተወሰነው መወጣጫው ላይ ያርፋል፣ ሚዛኑም አያየውም። ጎንበስ ብሎ አራቱንም ጎማ የሚያይ ሰው የለም፣ ሁሉም ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፍሬን ተይዞ ሲመዘን ጎማዎቹ ሰሌዳውን ወደ ጎን ይገፉታል፣ ሴንሰሩ ደግሞ የተሠራው ከላይ ለሚመጣ ጫና ነው። መኪናዋ ፎሌ ትሁን (ማርሽ አይግባባት)፣ ፍሬኑ ይለቀቅ። ሦስተኛ ፀሐይ ነው። ጠዋት በብርድ ዜሮ የተደረገ ሚዛን ቀትር ላይ ባዶውን ዜሮ ላይ ላይሆን ይችላል።

የቴክኒክ ዳኛ፦ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ነኝና የኔንም ስሙኝ። ውድድር ባለቀ ቁጥር መኪኖች ይሰለፋሉ፣ የሚቀጥለው ምድብ ይጠብቃል፣ ሁሉም ይጮሃል። ለአንዱ ከደገምኩ ለሁሉም ልደግም ነው። እስኪያልፍ ድረስ የሚመዘን መኪና ደግሞ አንድ ቀን ማለፉ አይቀርም። 2 ኪሎ ይቅርታ ይደረግ የሚሉም አሉ። ያንን ዛሬ ብፈቅድ ነገ ሁሉም 998 አድርጎ ይመጣና 997.5 ላይ ቆመን እንጨቃጨቃለን። ደንቡ ይከብዳል፣ ግን ክርክሩን ይዘጋል።

የካርቲንግ አባት፦ ጋሼ፣ ስለ ይቅርታው እስማማለሁ፣ ወሰን ወሰን ነው። ግን የእርስዎ ሚዛን ሲዋዥቅ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ልንገርዎ። ልጄ በካርቲንግ፣ ማለትም በትንንሽ ክፍት የውድድር መኪኖች ይወዳደራል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ሚዛኑን ስለማላምነው በእያንዳንዱ ውድድር ከሚያስፈልገው በላይ እርሳስ ወንበሩ ላይ አስርለታለሁ። በዛች ትንሽ ሞተር ሁለት ኪሎ ከእያንዳንዱ መታጠፊያ ሲወጣ ይሰማል። ሚዛኑን ያመነው ሰው ቀሎ ያሸንፋል፣ የተጠነቀቀው ይሸነፋል። ይሄ ፍትሕ ነው?

ቁጥር 27፦ እሺ፣ እዚህ ላይ አሳምናችሁኛል፣ መዋዠቁ እኔንም አይመቸኝም። እ.ኤ.አ. በ2024 በፎርሙላ 1 የቤልጂየም ግራንድ ፕሪ ውድድር ሹፌሩ ጆርጅ ራስል አንደኛ ከወጣ በኋላ መኪናው ከ798 ኪሎው ወሰን በ1.5 ኪሎ አንሶ ውጤቱ ተሰረዘ። ከመሰረዛቸው በፊት ግን በሁለት ሚዛን መዘኑት፣ ሚዛኖቹ ልክ መሆናቸውንም የራሱ ቡድን ባለበት አረጋገጡ። እኛ ያን ያህል ሀብት የለንም።

ሚዛን አስተካካይ፦ ሀብት አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ክብደቱ የማይለወጥ አንድ ከባድ ዕቃ ከሚዛኑ አጠገብ ይቀመጥ። 20 ኪሎ ብረት አይበቃም፣ እሱ የሚፈትሸው ሚዛኑ በትንሽ ክብደት ላይ የሚያሳየውን ብቻ ነው። የማትነዳ፣ ማንም የማይነካት መኪና ብትሆን እንኳ ትሠራለች። ጠዋት ትመዘን፣ ቁጥሩ ሁሉ የሚያየው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ቀትር ላይ ትደገም። ውጤት ከመሰረዙ በፊትም ሰውየው እያየ ትደገም።

የቴክኒክ ዳኛ፦ ይሄ ይቻላል። አስር ደቂቃ ነው። ግን ቀትር ላይ ቁጥሩ ተዛብቶ ብናገኘው ከዛ በፊት የተመዘኑትን ምን ላድርጋቸው? ሁሉንም ልጥራ? ግማሾቹ መኪናቸውን ጭነው ሄደዋል።

ባለ ቀይዋ፦ ያለፉት አልፈዋል ይባል። በዛ መሃል የተሰረዘ ካለ ግን ስረዛው ይነሳ። ሌላው ደግሞ፣ ወሰኑ አጠገብ የመጣ መኪና ሦስት ጊዜ ወርዶ ይውጣና ከፍተኛው ቁጥር ይያዝ። ጥርጣሬው ለተመዛኙ ይሁን።

ቁጥር 27፦ ሦስት ጊዜ መመዘኑን እቀበላለሁ። ከፍተኛው ይያዝ የሚለውን ግን አልቀበልም፣ እሱ ዞሮ ዞሮ ያው ይቅርታ ነው። መሃለኛው ቁጥር ይያዝ።

የቴክኒክ ዳኛ፦ መሃለኛው ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።

ባለ ቀይዋ፦ ጎማዎቹ መሃል ላይ መቀመጣቸውን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶ እስካረጋገጠ ድረስ መሃለኛውም ይስማማኛል።