ተጫዋቾቼ ዕቅዳቸውን ከእኔ ለምን ይደብቃሉ?

የከዚራው፦
ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ ያሰበው ይሳካ እንደሆነ ዳይስ እየጣለ የሚያይበት የምናብ ታሪክ ጨዋታ ነው። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። አሁን ያሉበትን ከተማ የሠራሁት በሐረር ጁገል አምሳያ ነው፤ ግንቡም አምስቱ በሮችም አሉ። በሮቹን ሳዘጋጅ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። የየጠባቂውን ጠባይ፣ የሚያታልለውን የጉቦ ዓይነት ሳይቀር ጽፌ ነበር። ለካ እነሱ ያለ እኔ የቴሌግራም ቡድን ከፍተው ሲመክሩ ከርመዋል። ቅዳሜ ዕለት አንዷ «በበር አንገባም፤ ጅቦቹ በሚገቡበት ቀዳዳ ነው የምንገባው» አለች። ወረቀቶቼን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ዘዴው ግሩም ነው፤ ቀዳዳውንም ካርታው ላይ የሣልኩት እኔው ነኝ። ያመመኝ እንደ ባላጋራ መታየቴ ነው። ጋሻ የያዘ ሰው በዚያ ያልፋል ወይስ አያልፍም፣ አስቤበት አላውቅም። ደንግጬ «አይቻልም» አልኩ፤ ሁሉም አኩርፎ ተነሣ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ባለ ቀስቷ፦
ወንድሜ፣ እኔም ከመሪያችን ደብቄ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ በጣሪያ እንግባ ብለን እሱ እየሰማ ተማከርን። ስንወጣ ሁለት ቀስተኞች ቆመው ጠበቁን። ከምክራችን በፊት እንዳልነበሩ ሁላችንም ገብቶናል። ከዚያ ወዲህ ፊቱ አፋችንን አንከፍትም። አንተስ ሲመካከሩ ሰምተህ የለወጥከው ነገር የለም?

ከፈላና በር፦
የእህታችን ጥያቄ ተገቢ ነው። ቀዳዳውን እኛ ሐረር «ወራባ ኑዱል» እንለዋለን፤ ሰው ሊያልፍበት ማሰባቸው ደስ ብሎኛል። ነገር ግን መደበቁ የሚጎዳው ራሳቸውን ነው። ስንት ቢወጣ እንደሚሳካ የሚወስነው መሪው ነው፤ በድንገት የተያዘ መሪ ደግሞ ቁጥሩን ያከብዳል። ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ 10 እና ከዚያ በላይ ይበቃል ብትል ዕድላቸው 55 በመቶ ነው፤ 18 ብትል 15 በመቶ ይሆናል።

እኔ ተጫዋቾቼ መመካከር ሳይጀምሩ የጠባቂዎቹን ብዛትና ቦታ ጽፌ፣ ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው መሃል ከባቢሌ ኦቾሎኒው ሳህን ሥር አኖረዋለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ራሳቸው ይከፍቱታል። ከሁለት ወር በኋላ መክፈቱንም ተዉት፤ ዕቅዳቸውን ከፊቴ ያወሩ ጀመር።

የከዚራው፦
እህቴ፣ አዎ፣ ለውጫለሁ። የጠባቂዎቹን የውኃ ጉድጓድ ሊመርዙ ሲነጋገሩ ሰምቼ፣ ጠባቂዎቹ ከሌላ ጉድጓድ እንዲጠጡ አደረግኩ። ታሪኩ እንዲከብድ ብዬ ነበር፤ እነሱ የቆጠሩት ግን ጆሮ መጣሌን ነው። ዛሬ ለአራቱም ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ከቀዳዳው አፍ እንጀምራለን፤ ጋሻውን አውልቆ በደረቱ የሚሳብ ያልፋል፣ 12 ይበቃዋል። ጽፌ ልኬላቸዋለሁ።