የ1989 ሱፕራ ቱርቦ ሞተሯ ይሞቃል ውሃም ይጎድላታል፣ ጉልበት ከመጨመሬ በፊት ምን ላድርግ?

ሱፕራ_89፦
ሰላም የመኪና ወዳጆች እንዴት ናችሁ። ስንት ዓመት ስመኛት የነበረችውን የ1989 ቶዮታ ሱፕራ ቱርቦ ገዛሁ፣ ኤ70 የምትባለዋን፣ 7ኤም-ጂቲኢ ሞተር ባለ 5 ማርሽ ማንዋል። የበፊቱ ባለቤት 6 ዓመት አቁሟት ነበር፣ እኔ ባትሪ ቀይሬ አዲስ ቤንዚን ጨምሬ ስሞክራት ተነሳች፣ ድምጿም ደስ ይላል። ችግሩ ከ20 ደቂቃ ጉዞ በኋላ የሙቀት ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ ታወጣና ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደግሞ ግማሽ ሊትር የሚሆን ውሃ ጨምሬባታለሁ ግን መሬት ላይ አንድም ጠብታ የለም። የዘይት ክዳኑን ከፍቼ አየሁ ወተት የመሰለ ነገር የለበትም፣ ስለዚህ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በብሎኩ መሀል ያለው ማሸጊያ) አይመስለኝም። ሀሳቤ ትልቅ ቱርቦ፣ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ፍሬንና ሾክ አብዞርበር ባንዴ አዝዤ መግጠም ነበር። ራዲያተር ብቻ ብቀይር ይበቃል ወይ? ቴስታታውን ሳላወርድ ቡሎኖቹን ጠበቅ ባደርጋቸውስ? እንደዛ አድርግ ያለኝ ሰው አለ። በእጄ መስራት እችላለሁ፣ ጊዜም አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

ማርሽ_ሶስት፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ ቆንጆ መኪና ነው የገዛኸው። ግን እባክህ መጀመሪያ መንዳቱን አቁም። ክዳኑ ላይ ወተት የለም ማለት ጋስኬቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ጋስኬቱ በውሃ መንገዱና በሲሊንደሩ መሀል ከተበሳ ውሃው ወደ ዘይት ሳይሆን ወደ ሲሊንደሩ ነው የሚገባው፣ ተቃጥሎ በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ አንተ መሬት ላይ ጠብታ የምትፈልገው ነገር በእንፋሎት እየሄደ ነው ማለት ነው። ጠዋት ላይ የምታየው ነጭ ጭስም ማታ ሲሊንደር ውስጥ የተንጠባጠበው ሊሆን ይችላል። በርግጥ ጠዋት ብርድ ላይ ማንኛውም መኪና ትንሽ እንፋሎት ያወጣል፣ በሱ ብቻ አትፍረድ፣ ውሃው መጉደሉ ነው ዋናው ምልክት።

ምንም ነገር ሳትፈታ የብሎክ ቴስት አድርግ። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ራዲያተሩ አፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሞተሩ እየሰራ ከራዲያተሩ የሚወጣውን አየር በፈሳሹ ውስጥ ትስባለህ፣ የተቃጠለ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይቀየራል። ከዛ ሊክዳውን ቴስት፣ እያንዳንዱን ፒስቶን ላይኛው ጫፍ ላይ አቁመህ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ትሞላለህ፣ አየሩ በራዲያተር በኩል አረፋ ሆኖ ከወጣ ጋስኬት ነው ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ በኢንቴክ ወይ በጭስ ማውጫ ከተነፈሰ ባልቦላ ነው፣ በዘይት መሙያው ከሆነ የፒስቶን ፋሻ ነው። ይሄ ሳይደረግ አንድም ዕቃ አትዘዝ።

አባ_ፒስቶን፦
ልጄ፣ ይህን ሞተር ብዙ ዓመት ሰርቼበታለሁና ልምከርህ። 7ኤም ጥሩ ሞተር ነው፣ ብሎኩ ብረት ነው፣ 3 ሊትር፣ ቦሩ 83 ሚሊሜትር ስትሮኩ 91፣ ጉልበቱም ለዘመኑ ቀላል አልነበረም፣ የ1989ኙ በአሜሪካ ገበያ 232 ፈረስ ጉልበት ነበረው። በሽታው አንድ ነው፣ የቴስታታ ጋስኬት። የፋብሪካው ማጥበቂያ ልክ 58 ፓውንድ ፉት ነበር፣ በኒውተን ሜትር 78 ገደማ፣ ለዚህ ረጅም ቴስታታ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ሲገጥም ወደ 72 ፓውንድ ፉት፣ ማለትም 98 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያደርሰዋል።

አሁን የጠየቅኸው ሳታወርድ ማጥበቅ፣ ጋስኬቱ ገና ጤነኛ ለሆነ ሰው እድሜ ያራዝምለታል። አንዴ ከተበሳ ግን የተቃጠለን ነገር ማጥበቅ አይመልሰውም፣ አንድ ሳምንት የዳነ ይመስልህና መንገድ ላይ ያስቀርሃል። ራዲያተር መቀየሩም እንደዛው ነው፣ ምልክቱን ነው የምታክመው። በዚህ ላይ ደግሞ ትልቅ ቱርቦ ብትጭንበት ቡስቱ (ቱርቦው አየሩን የሚገፋበት ግፊት) ሲጨምር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ነው የሚጨምረው፣ ያንን ግፊት የሚይዘው ማነው? ያው ጋስኬቱና ቡሎኑ ናቸው።

ኢንላይን_ስድስት፦
እኔ በበኩሌ ሌላ ሀሳብ አለኝ። 7ኤሙን ለምን ትለፋበታለህ 1ጄዜድ ቀይርና ገላገል። እኮ ራሱ ቶዮታ ከ1990 ጀምሮ ለጃፓን ገበያ ኤ70 ላይ 1ጄዜድ-ጂቲኢ ገጥሞበታል፣ 2.5 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ 280 ፈረስ ጉልበት፣ ስለዚህ ቦዲው ያውቀዋል። እኔ እንደዛ ነው ያደረግኩት አልተጸጸትኩም።

ሞተሪስቷ፦
ኢንላይን ያልከው እውነት ነው 1ጄዜድ ጥሩ ሞተር ነው ግን ሱፕራ_89 የሞተር ለውጥ ማለት ሞተር መግዛት ብቻ አይደለም፣ ማውንት አለ ዋየሪንግ አለ የጭስ ማውጫ አለ ኢሲዩ (የሞተሩ ኮምፒውተር) አለ፣ ደግሞ ያ የምትገዛው 1ጄዜድም እድሜው ከ30 ዓመት በላይ ነው፣ እሱንም ከፍተህ ካላየኸው አንዱን አሮጌ ሞተር በሌላ አሮጌ ሞተር ነው የቀየርከው። በትክክል የተገጠመ 7ኤም በብረት ጋስኬት ብዙ ይሸከማል። እኔ ብሆን ያለውን ነው የማስተካክለው።

ሥራው ላይ ግን ሰው የሚሳሳትባቸውን ልንገርህ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ከሞቀ ይጣመማል፣ ስለዚህ ቶርኖ ቤት ወስደህ ይለካ ይላግ፣ ስንጥቅም ይፈተሽ። ብዙ ሰው ቴስታታውን ብቻ አስልጎ ብሎኩን በእጁ ይፈገፍጋል፣ የብረት ጋስኬት ደግሞ እንደ ድሮው ጋስኬት ሻካራ ፊት አይወድም፣ ለስላሳ ፊት ነው የሚፈልገው፣ ብሎኩም መላግ አለበት። ለዚህ ሲባል ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል፣ ሌላ መንገድ የለውም። እና እለምንሃለሁ በድሪል የሚሽከረከር የሽቦም ሆነ የአሸዋ ዲስክ ብሎኩ ላይ እንዳታደርግ፣ ዱቄቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚናውን (የሚሽከረከረው ክራንክ ዘንግ የሚያርፍበትን ስስ ብረት) ይጨርሰዋል፣ አዲስ ጋስኬት ገጥመው በወሩ ብሮንዚና የመቱ ሰዎች አይቻለሁ በጣም ያሳዝናል።

ቡሎን የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች በአየር ንፋቸው፣ ውስጥ ውሃ ወይ ዘይት ከቀረ ቡሎኑ ሲወርድ ፈሳሹ ይታፈንና ቶርክ ሬንቹ ጠብቋል ይልሃል ቡሎኑ ግን ገና ቦታው አልደረሰም፣ ባሰ ጊዜ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። ኤአርፒ ስተድ (በፋብሪካው ቡሎን ፋንታ የሚገባ ጠንካራ ባለ ክር ዘንግ) ከገጠምክ አብሮት የሚመጣውን ቅባት ክሩ ላይና ዋሸሩ ስር ቀባ፣ የማጥበቂያውንም ልክ ከስተዱ ጋር ከመጣው ወረቀት ውሰድ፣ አባ ፒስቶን የነገሩህ ቁጥር ለፋብሪካው ቡሎን ነው። ከመሀል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በ3 ዙር።

ሱፕራ_89፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ አባ ፒስቶን እርስዎንም እግዜር ይስጥልኝ። ቴስቱን አደረግኩት። ፈሳሹ በ2 ደቂቃ ውስጥ ቢጫ ሆነ። ሊክዳውን ላይ ከ1 እስከ 5 ያሉት ደህና ናቸው፣ 6ኛው ሲሊንደር ላይ ግን ራዲያተሩ አረፋ አወጣ። እንግዲህ ቁርጡን አወቅኩ፣ ትላንትና ዛሬ ሞተሩን አወረድኩት። ጋስኬቱ 6ኛው ጋ እንደ ክር ቀጥኖ ተበልቷል። የዘይት ኮፓውን ስከፍት ደግሞ የ6ኛው ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ብሮንዚና መዳብ መሳይ ቀለም እያሳየ ነው፣ ወተት የመሰለ ዘይት ግን አሁንም አላየሁም። ይሄ ምን ማለት ነው? ሁሉም መቀየር አለባቸው?

አባ_ፒስቶን፦
አዎ ሁሉንም ቀይር ልጄ። ብሮንዚና ላይ መዳቡ ከታየ የላይኛው ንብርብር አልቋል ማለት ነው። ወተት የሚሆነው ብዙ ውሃ ሲገባ ነው፣ ትንሽ ብቻ ሲሆን ዘይቱ ሲሞቅ ውሃው ይተንና አታየውም፣ ዘይቱ ግን ቀጥኖ ሰርቷል። ብሮንዚና ከመግዛትህ በፊት ክራንኩን አስለካው፣ ከተጫረ ይሞረዳል፣ ከዚያ በልኩ ይገዛል። በግምት እንዳትገዛ።

ማርሽ_ሶስት፦
ሞተሩ ወርዶ ሳለ ደግሞ የማይደረስባቸውን ነገሮች በሙሉ ጨርሳቸው፣ የውሃ ፖምፓ፣ ቴርሞስታት፣ ታይሚንግ ቺንጋና ማወጠሪያው፣ የፊትና የኋላ ዘይት ሲል፣ ፍሪሲዮን፣ የውሃ ጎማዎች በሙሉ። ቺንጋው በኪሎሜትር ብቻ አይደለም የሚያረጀው በዓመትም ነው። የፋን ክላቹንም እይ፣ ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ ፋኑ በጣትህ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ አልቋል። ቱርቦውን ሲቲ26ቱን በእጅህ ያዘው፣ ሻፍቱ ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ ያለ ነው ዘይት ላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋና የሚሳብ ከሆነ ግን መታደስ አለበት።

6 ዓመት ቆማለች ብለሃል አይደል፣ አሮጌው ቤንዚን ታንኩ ስር አለ፣ አውርደህ እጠበው፣ ኢንጀክተሮቹን አስጠርግ። አንድ ኢንጀክተር ግማሽ ከተደፈነ ያ ሲሊንደር ነዳጅ ያጥረዋል፣ ቡስት ላይ ነዳጅ ያጠረው ፒስቶን ይቀልጣል።

ሱፕራ_89፦
እሺ ገባኝ። ታዲያ ጉልበቱስ? ሙሉ በሙሉ ልተወው ወይስ ምን ያህል ልሂድ?

ሞተሪስቷ፦
አትተወው፣ ቅደም ተከተሉን አስተካክለው እንጂ። መጀመሪያ ፍሬን፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ 6 ዓመት የቆየ ዘይት ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ መሬት ይነካል፣ ስለዚህ ካሊፐሮቹን አድስ፣ ጎማ ቧንቧዎቹን ቀይር፣ አዲስ ዶት 4። ትልቅ ፍሬን አሁን አያስፈልግህም ጤነኛ ፍሬን ነው የሚያስፈልግህ። የመኪና ጎማህ ጎን ላይ 4 አሃዝ ታገኛለህ፣ ለምሳሌ 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ቢኖርም አርጅቷል። ቡሺንጎቹንም እይ፣ በአራቱም በኩል ደብል ዊሽቦን ስለሆነች ቡሺንጓ ብዙ ነው፣ መንገድ ላይ ለምትነዳት ጎማውን ቡሺንግ ምረጥ፣ ፖሊው ይንጫጫል ንዝረትም ያመጣል።

ከዛ በኋላ ሰፊ ጭስ ማውጫ፣ የተሻለ ኢንተርኩለር፣ አዲስ የነዳጅ ፖምፓ፣ እና ዋይድባንድ ጌጅ (የነዳጅና የአየሩን ምጣኔ የሚያሳየው)። ጌጁን ከቡስቱ በፊት ግጠመው። የፋብሪካው ኢሲዩ አየሩ ከገደቡ ሲያልፍ ነዳጅ ይቆርጣል፣ 12 ፒኤስአይ የቡስት ግፊት ገደማ ላይ፣ ሰዎች ያንን ለማታለል ትንንሽ ሳጥን ይገጥማሉ እኔ አልወደውም፣ ሞተሩን ለማዳን የተቀመጠ ነገር ነው።

ኢንላይን_ስድስት፦
እሷ ያለችው ላይ ልጨምር፣ የሌክሰስ ኤር ፍሎው ሜትር፣ ማለትም የሚገባውን አየር መለኪያ፣ ከ550 ሲሲ ኢንጀክተር ጋር የሚባለውን ጥምረት አስበው። የፋብሪካው ኢንጀክተር 440 ነው፣ 550 ከሱ በሩብ ይበልጣል፣ የሌክሰሱ ሜትርም በዛው ልክ ያህል የበለጠ አየር ስለሚያሳልፍ ኢሲዩው ሳያውቀው ሂሳቡ ይገጥማል፣ ነዳጅ መቁረጫውም ወደ ላይ ይርቃል። ዋይድባንድ ግን የግድ ነው። 7ኤሙን አትልፋበት ያልኩህን አንስቻለሁ፣ አንዴ ከፍተህ ይህን ያህል ካየኸው ጨርሰው።

ሱፕራ_89፦
ቴስታታውም ብሎኩም ተልገው መጡ፣ ክራንኩም በትንሹ ተሞርዶ ብሮንዚናው በልኩ ተገዛ፣ ዛሬ ስተዶቹን አጥብቄ ጨረስኩ። ነገ ላስነሳት ነው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው እውነት ለመናገር። ለመጀመሪያው ማስነሳት ምን ልጠንቀቅ?

አባ_ፒስቶን፦
የኢኤፍአይ ፊውዙን (ነዳጅ መርጫውን የሚያሰራውን) ንቀልና ካንዴላዎቹን አውጥተህ በስታርተር ብቻ እየቆራረጥክ አዙራት፣ የዘይት ግፊቱ ጌጅ እስኪነሳ ድረስ፣ ብሮንዚናው ደረቅ ሆኖ እንዳይጀምር። ከዚያ ካንዴላውንና ፊውዙን መልስ። አፍንጫዋን በክሪክ ከፍ አድርገህ ሂተሩን ሙቅ ላይ ክፈተው፣ ራዲያተሩን ክፍት ትተህ ውሃ ጨምር፣ አረፋው እስኪያልቅ ድረስ ጠብቅ፣ ኩላንቱ ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር። ስትነሳ ጆሮህን ስጣት፣ ዓይንህ ጌጁ ላይ ይሁን። የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ቀይረው፣ ፊልትሩን ቀደህ ውስጡን እይ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ካለ ሳትነዳት ጻፍልኝ።