ከተማችን ውድድር ስታስተናግድ ትኬት የሌለው ቤተሰብ በዓሉን እንዴት ያሳልፍ?

እናት ከማራኪ፦

የተከበራችሁ የጎንደር ልጆችና ወዳጆች፣ ከተማችን ከየአቅጣጫው ክለቦችና ደጋፊዎች የሚመጡበት ስፖርታዊ ውድድር ልታስተናግድ በመዘጋጀት ላይ ስለሆነች ምክራችሁን እሻለሁ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፤ አባቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ። አባቴ እግር ኳስን በሬዲዮ ሲከታተሉ ያደጉ ሰው ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችበትን ቀን እስከ ዛሬ ለልጆቼ ይተርኩላቸዋል። ለአራታችንም በየጨዋታው ትኬት መግዛት ግን አቅማችን አይፈቅድም፤ አባቴ በሕዝብ መካከል ተጋፍተው ስታዲየም ይግቡ ማለትም ይከብደኛል። ጎረቤቶቼ «ግርግሩ እስኪያልፍ ቤት መቀመጥ ይሻላል» ይሉኛል። ከተማው ሁሉ እንግዳ ሲቀበል በር ዘግቶ መቀመጡ ለእኔ ደስ አይልም። ስታዲየም ሳንገባ የበዓሉ ተካፋይ የምንሆነው እንዴት ነው? ከልጆችና ከአረጋዊ ጋር ለሚወጣ ሰው የቱ ቦታና የቱ ሰዓት ይመቻል?

የፒያሳው ነጋዴ፦

እህታችን፣ ቤት እንዳይቀመጡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ፣ የዚያ ዓመት ጨዋታዎች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ስለተካሄዱ ቡድናችን በፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ነው ሻምፒዮን የሆነው። አብዛኛው የከተማችን ደጋፊ ድሉን የተከታተለው በቴሌቪዥን ነው፤ የጨፈረው ግን አስፋልቱ ላይ ነው። ስለዚህ ትኬት ያልያዘ ሰው ከደስታው የሚቀር አይምሰልዎ።

እኔ የምመክርዎ ጨዋታው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብላችሁ ፒያሳ እንድትደርሱ ነው። ከጣሊያን ዘመን በቀሩት ሕንጻዎች ሥር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ በረንዳ ላይ ለአባትዎ ወንበር ይያዙላቸው፤ ቡናቸውን እየጠጡ የሚያልፈውን ሁሉ ያያሉ። ደጋፊው ማሊያውን ለብሶ በየቡድኑ ሲሰባሰብ፣ አስጨፋሪው ከፊት ቆሞ አንድ ስንኝ ብቻውን ያወጣል፤ የቅርቦቹ ይቀበሉታል፣ ከበሮው ይገባል፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን ግጥሙን ሳይሰማ ጭብጨባውን ብቻ ተከትሎ ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ መንገዱ በሙሉ አንድ ድምፅ ይሆናል። ለልጆች ከዘጠና ደቂቃው ጨዋታ ይልቅ ይህ የሚበልጥባቸው ይመስለኛል። የእንግዳው ክለብ ደጋፊዎች ሲያልፉም ልጆችዎ ያጨብጭቡላቸው፤ ሩቅ አገር ተጉዞ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አስጎብኚ፦

ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ እኔ ስለ እንግዶቹ ልጨምር። ጎንደር ብዙ ሕዝብ ማስተናገድ አዲሷ አይደለም፤ በየዓመቱ ጥር 10 እና 11 ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደውን ሕዝብ በሥርዓት ተቀብላ ትሸኛለች። ይሁን እንጂ የጥምቀት እንግዳ ምን ሊያይ እንደመጣ አውቆ ሲመጣ፣ የውድድር እንግዳ ግን ከአንዱ ጨዋታ እስከሚቀጥለው ባለው ጊዜ የሚውልበትን አጥቶ በሆቴል ደጃፍ ሲንቆራጠጥ ይታያል። እንደ እርስዎ ላለ ቤተሰብ መልካሙ አጋጣሚ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት፣ ከተማው ገና ሳይሞቅ፣ ከልጆችዎ ጋር ወደ ፋሲል ግቢ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብቅ ቢሉ ማሊያ የለበሱ እንግዶችን ያገኛሉ። ልጆችዎ በሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ለአንድ የጅማ ወይም የድሬዳዋ ሰው ሲያሳዩ፣ አስተናጋጅነት ምን እንደሆነ ያለ ማንም ትምህርት ይገባቸዋል። አባትዎም የ1962ቱን ታሪክ በጉጉት የሚያዳምጣቸው አዲስ ሰው አያጡም። ቤትዎ ቅርብ ከሆነ ቡና አፍልተው ይጥሩ፤ በክለባቸው ውጤት ተናደው የወጡ ደጋፊዎች በአንድ ስኒ ቡና ሲረጋጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ደግሞ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እንግዳ በበዛ ቁጥር የአልጋ ዋጋና የኮንትራት ባጃጅ ሒሳብ በአንድ ሌሊት ሲንር ከተማችን የምታጣው ስሟን ነው። ነጋዴዎችና አሽከርካሪዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ በአዘቦት ቀን የምትጠይቁትን ዋጋ ጠይቁ፤ የሥራው ብዛት ራሱ በቂ ትርፍ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦

በመውጣቱ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁሉም ሰዓት ለልጅና ለአረጋዊ ይመቻል የሚል እምነት የለኝም። ጨዋታ ሲያልቅ ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ ላይ አትገኙ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ መገፋፋቱም የኪስ ሌባውም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ሕዝብ ሲበዛ የስልክ መስመር ስለሚጨናነቅ በመደወል ብቻ አትመኩ፤ «ብንጠፋፋ ጃንተከል ዋርካ ሥር እንገናኝ» ብላችሁ ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። የእርስዎን ቁጥር በልጆቹ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉት። ለአባትዎ መጸዳጃ ያለው ቡና ቤት አስቀድመው ይለዩ፤ ውድድሩ በክረምት ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይቀር ጃንጥላ ይያዙ።

የስፖርት መምህር፦

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ነገር አለ። በውድድሩ ውስጥ የጎዳና ሩጫ ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ እርሱን ያዙ። ለሩጫ ትኬት አያስፈልግም፤ የበሩ ደጃፍ የመሮጫው መንገድ የሆነለት ሰው ከማንም በፊት የፊት መቀመጫ አግኝቷል ማለት ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው የማራቶን ውድድር የተጠናቀቀው በስታዲየም ውስጥ ሳይሆን በቆስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ፣ በአደባባይ ነበር፤ የከተማው ነዋሪ ያን ታላቅ ታሪክ መንገድ ዳር ቆሞ አይቶታል። የጎንደር ዳገት ለሯጩ ከባድ ቢሆንም ለተመልካች መልካም ነው፤ ዳገት ላይ ሯጩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ፊቱን በሚገባ ታዩታላችሁ፣ የማበረታቻ ድምፃችሁም ይደርሰዋል።

ለጨዋታዎቹ ደግሞ በአደባባይ ትልቅ ስክሪን እንዲተከል ብንጠይቅ መልካም ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫን ስታስተናግድ ትኬት ያላገኘው ሕዝብ በየከተማው አደባባይ በተተከሉ ስክሪኖች ፊት ተሰብስቦ ጨዋታዎቹን በነፃ ተከታትሏል። የእኛ ዲኤስቲቪ ቤቶች ጠባብና የተጨናነቁ ስለሆኑ ለእናቶች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን አይመቹም። ጥያቄውን ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ለማቅረብ አስቤአለሁና፣ በፊርማ ልታግዙኝ ፈቃደኛ የሆናችሁ የምትኖሩበትን ሰፈርና ለስክሪኑ ይመቻል የምትሉትን ቦታ ጻፉልኝ።