ፒች ሊንክ፦ ከፍ ያለውን ብሌድ ላሳጥር ወይስ ዝቅ ያለውን ላስረዝም?

ዴንቨር_ሜካኒክ
ሰላም የሞያ ወገኖች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። እዚህ ዴንቨር አር44 ሄሊኮፕተር ላይ ነው የምሰራው፣ ሆቨር ላይ (አየር ላይ ባለበት ቆሞ) ትራክ (ብሌዶቹ በአንድ ከፍታ መዞራቸውን) ስናይ አንዱ ብሌድ (የዋናው ሮተር ክንፍ) ከሌላው ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ይሄዳል። አለቃዬ ዝቅ ያለውን ብሌድ ፒች ሊንክ (ፒቹን ማለትም የብሌዱን የማዘንበል ማዕዘን የሚወስነውን ዘንግ) አስረዝመው ይለኛል፣ ሌላው ልጅ ደሞ የለም ከፍ ያለውን አሳጥረው ይላል። በሁለቱም ብሌዶቹ ይገጥማሉ አይደል? ታዲያ ምን ያጨቃጭቃቸዋል?

ነት_ፈቺው
ልዩነቱ ኦቶሮቴሽን (ያለ ሞተር፣ ሮተሩ በአየር ብቻ እየዞረ መውረድ) ላይ ነው የሚታይህ። አር44 ላይ ሆርኑ (ሊንኩ የሚታሰርበት የብሌዱ ክንድ) በብሌዱ ፊተኛ ጠርዝ በኩል ስለሆነ ሊንኩ ሲረዝም ፒች ይጨምራል ሲያጥር ይቀንሳል (ሆርኑ ከኋላ በሆነበት ሄሊኮፕተር ተቃራኒው ነው)። ዝቅ ያለውን ካስረዘምክ የሁለቱ አማካይ ፒች ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ኮሌክቲቭ (የሁለቱንም ብሌድ ፒች አንድ ላይ የሚቀይረውን የፓይለቱን ማንሻ) እስከታች አውርደህ ኦቶ ስትገባ የሮተሩ አርፒኤም (የዙር ፍጥነት) ይቀንሳል፣ ከፍ ያለውን ካሳጠርክ ደሞ አርፒኤሙ ይጨምራል። ትራኩ በሁለቱም ያምራል። እና ሊንክ ከመንካትህ በፊት የመጨረሻውን የኦቶ ቼክ ውጤት አይተህ አርፒኤሙ ወደየት መሄድ እንዳለበት እወቅ፣ አንሶ ከነበረ ከፍ ያለውን አሳጥር፣ በዝቶ ከነበረ ዝቅ ያለውን አስረዝም፣ ልኩ ላይ ከነበረ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዛ። ለኔ የሚያስፈራው ማነሱ ነው፣ ቢበዛ ፓይለቱ ኮሌክቲቭ ትንሽ ሳብ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቢያንስ ግን ኮሌክቲቩ ታች ደርሶ አልቋል ከዛ ወዲያ የት ያወርደዋል?

ዴንቨር_ሜካኒክ
አሁን ገባኝ ተባረክ። ያለ ሞተር የአርፒኤሙ አረንጓዴ (የሚፈቀደው ክልል) ከ90 እስከ 108 ፐርሰንት ነው፣ በዛ መሃል ከወጣልኝ አለቀ ማለት ነው?

ነት_ፈቺው
አላለቀም! አየሩ ሲሳሳና ክብደት ሲጨምር በዛው ሪጊንግ (የሊንክ ልኬት) አርፒኤሙ ይጨምራል። አንተ ያለኸው 1,600 ሜትር ላይ ነው፣ እዛ ጥሩ የመሰለህ ቁጥር ባህር ጠረፍ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ይዞ ትንሽ ነዳጅ ይዞ ሲበር ያንሳል። ፕሬዠር አልቲትዩድ (በአየር ግፊት የሚለካ ከፍታ)፣ ሙቀት፣ ክብደት ፅፈህ ከማንዋሉ ቻርት ጋር አስተያየው።

ሁለተኛ_ፊርማ
የአርፒኤሙን ጨረሳችሁት፣ እኔ ስለ ማሰሪያው ልበል። ሮድ ኤንዱ (የሊንኩ ጫፍ ላይ የሚገባው ባለጥርስ ማያያዣ) ላይ ያለችውን ቀዳዳ በሴፍቲ ዋየር (በቀጭን ማሰሪያ ሽቦ) ሞክራት፣ ሽቦው ካለፈ ጥርሱ በቂ አልገባም ማለት ነው። ከዛ ጃም ነቱን (መቆለፊያ ነቱን) በቶርክ ልኩ አጥብቅ፣ ከዛ የቀለም ምልክት። ሴልፍ ሎኪንግ (ራሱን የሚቆልፍ) ነት በጣት የሚሽከረከርልህ ከሆነ ወደ ቆሻሻ ነው፣ አይታዘንለትም። 2011 ዲሴምበር ላይ ላስ ቬጋስ አጠገብ ቱሪስት የጫነ ኤኤስ350 ሄሊኮፕተር ወድቆ አምስት ሰው ያለቀው የሰርቮው (ብሌዶቹን የሚያዘው የሃይድሮሊክ ክፍል) ኢንፑት ሮድ አየር ላይ ተላቆ ነው፣ ኤንቲኤስቢ (የአሜሪካ አደጋ መርማሪው መስሪያ ቤት) ያገኘው ያረጀ ነት ድጋሚ መግባቱን፣ ስፕሊት ፒኑ (ነቱ እንዳይፈታ የሚይዘው ፒን) በትክክል አለመግባቱን ወይ ጭራሽ አለመኖሩን ነው። ኢንስፔክሽን ተደርጎ ነበር ግን አልተያዘም፣ ሰዎቹም ደክሟቸው ነበር። ስለዚህ ራስህ የሰራኸውን ራስህ አትፈርምበት ሌላ አይን ጥራ፣ እሱም ከሩቅ አይቶ ሳይሆን ፒኗን በእጁ ነክቶ ይፈርም

ጋሽ_ደብረዘይት
ልጆቼ በርቱ። እኛ ሚ-8 ላይ ስንሰራ አምስት ብሌድ ነው፣ ጫፎቹን የተለያየ ቀለም ቀብተን በእንጨት ላይ የተወጠረ ጨርቅ ቀስ አድርገን እናስጠጋና ማን ከፍ ማን ዝቅ እንዳለ ከቀለሙ እናነብ ነበር። ጨርቁን የሚይዘው ሁልጊዜ አዲስ ገቢው ነው 😄 አንተ ዴንቨር ያለኸው፣ ሆቨር ላይ ገጥሞልህ ወደፊት ስትበሩ ብሌዶቹ ከተለያዩ ግን ሊንኩን እንዳትነካው፣ እሱ የትሪም ታብ (የብሌዱ ኋለኛ ጠርዝ ላይ ያለች የምትታጠፍ ቆርቆሮ) ስራ ነው።

ዴንቨር_ሜካኒክ
እሺ ጋሼ፣ ታብ ማጠፊያውንም ጌጁንም አለቃዬ ነው ቆልፎ የያዘው፣ እጠይቀዋለሁ