ሮትነስት ደሴት በአንድ ቀን፦ ሳይክል፣ ስኖርክሊንግና ኳካ፣ የቱ ይቅደም?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ጃንዋሪ ላይ ከፐርዝ (አውስትራሊያ) በጀልባ ሮትነስት ደርሰን በዚያው ቀን ልንመለስ አስበናል። ሁለት አዋቂ፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች ነን። ለጥየቃ የመጡ እናቴም አሉ፣ እሳቸው ሳይክል አይነዱም። በሳይክል መዞር፣ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ እየዋኘን (ስኖርክሊንግ) ለልጆቹ ዓሣ ማሳየት፣ ኳካ የሚባሉትን ትንንሽ የካንጋሮ ዘመዶችም ማየት እንፈልጋለን። በምን ቅደም ተከተል ብናደርገው ይሻላል? ሳይክሉንስ ከቤት እንውሰድ ወይስ እዚያ እንከራይ?

መልስ (ነፋስ ጠባቂ)

ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ነፋሱ ነው። በበጋ ጠዋት ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከየብሱ በኩል ይነፍሳል። ከቀትር ወዲያ ይገለበጥና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ የአገሩ ሰው «ፍሪማንትል ዶክተር» የሚለው እሱን ነው። ስለዚህ የደቡቡ ዳርቻ ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ያኔ መጠለያው ሰሜኑ ነው። ብዙ ሰው ከጀልባ እንደወረደ ቅርብ ነው ብሎ መጀመሪያ በሰሜኑ ዳርቻ ያለው ቤዚን ይገባል። ከሰዓት በደቡብ ወዳለው ሳልሞን ቤይ ሲነዳ ነፋሱን በደረቱ እየገፋ ይደርስና ባሕሩ አረፋ በአረፋ ሆኖ ይጠብቀዋል። እናንተ ገልብጡት፦ ደቡቡን ጠዋት፣ ሰሜኑን ከሰዓት።

ለዚህም የመጀመሪያውን ጀልባ ያዙ። ከፍሪማንትል ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ከሂላሪስ 45 ደቂቃ ያህል ነው። ከፐርዝ መሀል ከተማ፣ ከባራክ ስትሪት የሚነሳው ስዋን ወንዝን ተከትሎ ስለሚወርድ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ወንዙ ያምራል፣ ግን ጠዋታችሁን ይበላባችኋል።

ጀልባው ከሚያወርዳችሁ ከቶምሰን ቤይ በፓርከር ፖይንት በኩል ወደ ሊትል ሳልሞን ቤይ ንዱ፣ እዚያ ዋኙ። ቀትር ላይ በዋጀመፕ መብራት ቤትና በጨው ሐይቆቹ መሀል ቆርጣችሁ ወደ ሰሜን ተሻገሩ፤ ከሰዓቱን ቤዚን ላይ ጨርሱት። ሙሉው ዙር 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴቱ በካርታ ላይ ሜዳ ይመስላል እንጂ መንገዱ ሽቅብ ቁልቁል አያቆምም። ለ6 ዓመት ልጅ በራሱ ፔዳል አይሆንም።

መልስ (ካቴና)

ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ግን ዌስት ኤንድን፣ የደሴቱን ምዕራብ ጫፍ፣ ጨርሶ መተው ያሳዝናል። ካቴድራል ሮክስ ላይ ፀጉራም የባሕር ውሾች (ፈር ሲል) ከመመልከቻው ቁልቁል ይታያሉ። በጀርባቸው ተንጋለው ክንፋቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ሙቀታቸውን የሚያስተካክሉት በዚያ ነው። ለእማማ «አይላንድ ኤክስፕሎረር» የሚባለው አውቶቡስ አለ፤ በአንድ ትኬት ቀኑን ሙሉ እየወረዱ እየተሳፈሩ መሄድ ይቻላል። አንዱን ልጅ ይዘው እስከዚያ ይድረሱ።

ሳይክሉን በተመለከተ፦ የራሳችሁ ከሆነ ጀልባው ላይ ለብቻው ይከፈልበታል፣ ከትኬቱ ጋር አብራችሁ አስይዙ። ለልጆች መከራየቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ተጎታች ጋሪም፣ ከአዋቂ ሳይክል ኋላ የሚታሰር ግማሽ ሳይክልም ይገኛል። ስትረከቡ ሳትፈርሙ እነዚህን እዩ፦ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ወደፊት ግፉት፣ ጎማው መንሸራተት እንጂ መዞር የለበትም። ማርሹን ከላይ እስከ ታች ቀያይሩ። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት ብቻ ይታጠፍ። ኮርቻ ዝቅ ብሎ ሽቅብ የነዳ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ ይዝላል፣ ጥፋቱን ግን በሳይክሉ ያላክካል። ሄልሜት በሕግ ግዴታ ነው፣ ለትልቅም ለትንሽም።

የራሱን የሚወስድ አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ የጎማ መንፊያና ሁለት የጎማ ማውጫ ይያዝ። ሲመለስ ካቴናውን በንጹሕ ውሃ ያጥበው፣ ያድርቀው፣ ዘይት ይቀባው፤ ጨው ያለበት ካቴና ለማግስቱ አያድርም። ቁልቁለቱ ላይ ኩርባዎቹ ጥግ አሸዋ ይከማቻል፤ ፍሬን ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ላይ አይያዝም።

ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር። ከቶምሰን ቤይ ሰፈርና ከጆርዲ ቤይ ውጭ ሱቅ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

መልስ (ማስክ)

ሊትል ሳልሞን ቤይ ለጀማሪ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ከውሃው ሥር ስለ ሪፉ (ዓሣ ስለሚኖርበት የባሕር ውስጥ አለት) የሚያስረዱ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። የሞቃት ባሕር ዓሣና ኮራል በዚህ ኬክሮስ የሚገኘው ሉዊን የተባለው የሞቀ ጅረት ከሰሜን ስለሚያወርደው ነው።

የልጆቹን ማስክ ቤት ሆናችሁ ሞክሩት። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊት ላይ አስቀምጡና በአፍንጫ ሳቡ፣ ሳይያዝ ከተለጠፈ ልኩ ነው። ውሃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ፀጉር ከማስኩ ዳር ላስቲክ ሥር ሲገባ ነው፤ ማሰሪያውን ማጥበቅ ደግሞ ላስቲኩን አጣምሞ ያባብሰዋል። አዲስ ማስክ ከሆነ መስታወቱን በጥርስ ሳሙና ደጋግማችሁ እሹት፤ ከፋብሪካ የመጣው ስስ ቅባት ካልለቀቀ ጉም አያባራም። ልጆቹ መጀመሪያ ወገባቸው በሚደርስ ውሃ ቆመው ፊታቸውን ብቻ ነክረው ይተንፍሱ፣ ቱቦው ውሃ ሲገባው «ቱ!» ብለው ማስወጣትን ይልመዱ። ከዚያ በፊት ጥልቀት አያስፈልግም።

ኮራል ላይ አይቆምም፣ አሸዋ ላይ ብቻ። ማዕበል ከሪፉ ጫፍ ወዲያ ሲሰበር ካያችሁ ከሪፉ ወዲህ ቅሩ። እንደዚያ ባለ ቀን በሪፉ ላይ የገባው ውሃ በክፍተቶቹ ተሰብስቦ ሲወጣ ሰው ይጎትታል።

መልስ (ነፋስ ጠባቂ)

ኳካ ተረሳ። እሱን ፍለጋ ጊዜ አትመድቡ። ሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ ስለሆነ ቀትር ላይ ቁጥቋጦ ሥር ይተኛል፤ አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ውስጥ ራሱ ይመጣል። መንካትም ማብላትም ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው። ሳልሞኔላ ስለሚሸከም ልጆቹ ሳይበሉ እጃቸውን ይታጠቡ። የምግብ ቦርሳ ሳይክል ላይ ክፍት ትታችሁ አትሂዱ፣ ይበረብራል።

ሌላ፦ ሰፈሩ አጠገብ ዋጀመፕ የመቃብር ሥፍራ አለ። ደሴቱ እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ የአቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ) ወንዶችና ወንድ ልጆች እስር ቤት ነበር፣ ብዙዎቹም እዚያው ተቀብረዋል። በሳይክል አይገባበትም። ለልጆቹም ምን እንደሆነ ንገሯቸው።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልን። ለጃንዋሪ የዋና ልብስ ብቻ ይበቃል ወይስ ቬትሱት (ሙቀት የሚይዝ የጎማ ዋና ልብስ)?

መልስ (ማስክ)

ውሃው 22 ዲግሪ ገደማ ነው። ለአዋቂ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ቲሸርት ይበቃል፤ ስኖርክል የሚያደርግ ሰው ቀድሞ በፀሐይ የሚነደው ጀርባውና ከጉልበቱ ኋላ ነው። ለልጆቹ አጭር ቬትሱት ውሰዱ። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ አውጧቸው፣ ከሰዓት ቤዚን ገና ይቀራልና።